ዋው ወይስ ዛይን፦ ለመቶ አለቃ ፍራንክ ዲ ፓስ የመታሰቢያ ሰሌዳ ስቀርጽ የያዝኩት ማስታወሻ

መስከረም 7

ድንጋዩ ዛሬ ደረሰ። ከዌልስ ተራራ የወጣ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተነባብሮ የተፈጠረ፣ እንግሊዞች ስሌት የሚሉት ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ 45፣ ወርዱ 30፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እዚህ ለንደን ውስጥ በድንጋይ ላይ ፊደል መቅረጽ መማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት የሞላኝ ሲሆን፣ እስካሁን የቀረጽኳቸው ሁሉ የልምምድ ቁርጥራጮች ነበሩ። መምህሬ የዘንድሮው ሥራዬ ለአንድ በእርግጥ ለኖረ ሰው የሚሆን የመታሰቢያ ሰሌዳ እንዲሆን ሲነግሩኝ፣ ስም ለመምረጥ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም።

የምተዳደረው ኋይትሆል አጠገብ ባለ መሥሪያ ቤት በጽዳት ሥራ ነው። ሌሊት ገብቼ ንጋት ላይ ስወጣ የቴምዝን ወንዝ ተከትሎ በተዘረጋው በቪክቶሪያ ኢምባንክመንት የአትክልት ስፍራ፣ በመከላከያ ሚኒስቴሩ ሕንጻ በኩል አልፋለሁ። እዚያ በ2014 ለመቶ አለቃ ፍራንክ አሌክሳንደር ዲ ፓስ መታሰቢያ የተደረገ ድንጋይ አለ። (የታሪኩን ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የዕለት ማስታወሻዬን ቀን ግን እንደ ሀገሬ አደርገዋለሁ።) ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያ ድንጋይ አጠገብ ሳልፍ ስሙን አነበው ነበር እንጂ ማን እንደነበረ አልጠየቅሁም፤ መጠየቅ የጀመርኩት ፊደል መቅረጽ ተምሬ የፊደሎቹን ቅርጽ ለማየት ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው።

ዲ ፓስ ሚያዝያ ውስጥ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1887፣ ለንደን ኬንሲንግተን ውስጥ መነሻቸው ስፔንና ፖርቱጋል ከሆነው ከሴፋርዲ አይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ራግቢ በሚባለው ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ዉልዊች ባለው ወታደራዊ አካዳሚ አልፎ በ1906 የመድፈኛ መኮንን ሆነ፤ በ1909 ደግሞ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ወደነበረው የህንድ ጦር ተዛውሮ 34ኛው ፑና ሆርስ ከሚባለው የፈረሰኛ ሬጅመንት ገባ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ሬጅመንቱ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ መጣ፤ ዲ ፓስም በዚያው በ1914 ኖቬምበር ውስጥ ፌስቱቤር በምትባል መንደር አጠገብ በ27 ዓመቱ ተገደለ። በዚያ ጦርነት ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ካገኙት አይሁዳውያን የመጀመሪያው እርሱ ነው።

መስከረም 14

በዚህ ሳምንት መሮ አልያዝኩም፤ ያነበብኩት የኒሻኑን ማስታወቂያ ነው። ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1915 የእንግሊዝ መንግሥት ይፋዊ ጋዜጣ በሆነው በለንደን ጋዜት የወጣው ጽሑፍ አጭር ቢሆንም አንድ ቃል በተሳሳተ ቁጥር የሰውየው ታሪክ ስለሚዛባ ደጋግሜ አነበብኩት። ማስታወቂያው የሚለው ይህን ነው። ኖቬምበር 24 ፌስቱቤር አጠገብ ከጀርመኖች የምሽግ ቦይ ገብቶ፣ ጠላት የእጅ ቦምብ እየወረወረ ሳለ፣ በቦዩ ውስጥ የነበረውን የአፈር ግድግዳ አፈረሰ፤ ከዚያም ከባድ ተኩስ እየዘነበ ሜዳ ላይ ተጋልጦ የወደቀ አንድ ቁስለኛ አወጣ፤ በመጨረሻም ጠላት መልሶ የያዘውን ያንኑ ቦይ ለሁለተኛ ጊዜ ለመያዝ ሲሞክር ሕይወቱን አጣ።

ስለ ቦዩ ትንሽ ማብራራት ይገባኛል። በዚያ የክረምት መግቢያ ሁለቱም ወገኖች ከመሬት በታች ተቀብረው ፊት ለፊት ተፋጠው ነበር። ከዋናው ምሽግ ወደ ጠላት አቅጣጫ በስውር እየተቆፈረ የሚሄድ ጠባብ ቦይ አጥቂውን እስከ ባላጋራው ደጃፍ ያደርሰዋል። በቦዩ ውስጥ በየርቀቱ የሚተወው የአፈር ግድግዳ ደግሞ ቦዩን ቀጥ ብሎ እንዳይሄድ ስለሚሰብረው የቦምብ ፍንጣሪ ከዳር እስከ ዳር አይደርስም፤ ከኋላው የቆመ ተኳሽም ተከልሎ ይጠብቃል። ዲ ፓስ የገባው ወደዚህ ዓይነቱ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደማያሳልፍ ጭለማ ነው። ፈረሰኛ ሆኖ ሳለ ፈረሱ በዚያ ጭቃ ዋጋ አልነበረውም፤ የህንድ ፈረሰኞች በዚያ ወር እንደ እግረኛ ሆነው ምሽግ ይዘዋል።

እኔን ግን የያዘኝ መካከለኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ማስታወቂያው ያንን ቁስለኛ የሚጠራው «አንድ የቆሰለ ሰው» ብሎ ብቻ ነው፤ ስሙንም፣ ማዕረጉንም፣ የየትኛው ጦር እንደሆነም አይናገርም። ቦዩን መያዝ የጦር ትእዛዝ ነው፤ ሜዳ ላይ የወደቀውን ሰው ለማንሣት መውጣት ግን የሰውየው የራሱ ምርጫ ይመስለኛል። የሰሌዳዬ ጽሑፍ ይህን ምርጫ ካልያዘ ማዕረግና ሬጅመንት መደርደር ብቻ ይሆናል ብዬ ስለማምን፣ ለዚያ ሰው አንድ መስመር ሊኖረው እንደሚገባ ዛሬ ወሰንኩ።

አንድ ጥንቃቄ በደብተሬ ጫፍ አስምሬበታለሁ፦ ዲ ፓስ የሞተው ቁስለኛውን ሲያነሣ አይደለም። አንዳንድ አጫጭር ጽሑፎች ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ሰፍተው ያቀርባሉ፤ እንዲህ ሲነገር ታሪኩ የበለጠ ልብ ይነካል፣ ግን ማስታወቂያው የሚለው ሌላ ነው። ወረቀት ላይ የተሳሳተ ይሰረዛል፤ ድንጋይ ላይ የተሳሳተ ከእኔ በኋላም ይኖራል።

መስከረም 21

የጽሑፉን አቀማመጥ በትልቅ ወረቀት ላይ መንደፍ ጀመርኩ። የላቲኑ ፊደል ከላይ፣ ዕብራይስጡ ከታች እንዲሆን አሰብኩ።

ዕብራይስጥ አላነብም። ስለዚህ በልጅነታቸው ከጎንደር ወጥተው ዛሬ እስራኤል የሚኖሩትን የቤተ እስራኤል ሰው፣ እኔ ጋሼ የምላቸውን፣ ደወልኩላቸው። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ፊደሉ አልነበረም።

«በየትኛው ቀን ነው የምትቀርጪው እህቴ?»

ዎርክሾፑ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ ማክሰኞ ደግሞ ማታ ክፍት እንደሆነ፣ ቅዳሜ ደግሞ ብዙ ሰዓት ስለማገኝ በዚያ ቀን እንደምሠራ ነገርኳቸው።

«ለአይሁዳዊ ስም ነው አይደል? እንግዲያው ሰንበትን ተይለት። ማክሰኞ ይበቃል፣ ድንጋይ አይቸኩልም።»

የኔም እናት ቅዳሜን ከእሑድ ለይታ አታያትም ነበርና ነገሩን ለመቀበል አልከበደኝም። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰሌዳ የሚነካው ማክሰኞ ማታ ብቻ ነው።

የመቃብር ጽሑፍን በተመለከተ የሰጡኝ ምክር ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በአይሁድ መቃብር አናት ላይ ዘወትር የሚታዩት ፔ እና ኑን የተባሉት ሁለት ፊደላት «እዚህ ተቀበረ» ማለት ስለሆኑ፣ ሰውየው በማይተኛበት ቦታ በሚሰቀል ሰሌዳ ላይ ፈጽሞ እንዳላስገባቸው ነው። ከአንድ ፎቶግራፍ ገልብጬ ነድፌያቸው ስለነበር ወዲያው ሰረዝኳቸው። ሁለተኛው፣ በግርጌ የሚቀመጡት አምስት ፊደላት ለየትኛውም መታሰቢያ እንደሚስማሙ ነው፦ ታው፣ ኑን፣ ጻዴ፣ ቤት፣ ሄ። እነዚህ «ነፍሱ በሕይወት ማሰሪያ የታሰረች ትሁን» የሚለው ጸሎት የአምስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ናቸው፤ መነሻውም በአንደኛ ሳሙኤል 25 ላይ አቢግያ ለዳዊት የተናገረችው ነው። ጋሼ ቃሉን በዕብራይስጥ ሲያነቡልኝ «ናፍሾ» ያሉት የኛው ነፍስ፣ «ሐዪም» ያሉትም የኛው ሕይወት መሆኑን ያለ ትርጓሜ ሰማሁት። አምስቱን ፊደላት በግእዙ ስማቸው ታዊ፣ ነሀስ፣ ጸደይ፣ ቤት፣ ሆይ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ቅርጻቸውን ገና አላውቅም፣ ስማቸው ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ።

መስከረም 28

ዛሬ ያለ አንድ የመሮ ምት ሦስት ሰዓት አለፈ፤ ያስቸገረኝ የሞተበት ቀን ነው።

የጋዜቱ ማስታወቂያ ስለ ኖቬምበር 24 ከተናገረ በኋላ «በዚህ ቀን» ሕይወቱን አጣ ይላል። በጦርነቱ ለእንግሊዝ የወደቁትን ወታደሮች መቃብር የሚንከባከበው የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መዝገብ ግን ኖቬምበር 25 ይላል። በ2014 እና ከዚያ በኋላ ለቪክቶሪያ ክሮስ ተሸላሚዎች በየትውልድ ስፍራቸው በተተከሉት የመታሰቢያ ድንጋዮች ላይ የሚጻፈው ደግሞ ጀብዱው የተፈጸመበት ቀን እንጂ የሞት ቀን አይደለም፤ ያንን የሞት ቀን አድርጎ የሚያነብ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

በዕብራውያን አቆጣጠር ሲሰላ ምን እንደሚሆን ለማየት ወሰንኩ፤ ማንም ሰው በእርሳስና በወረቀት ሊከተለው ስለሚችል ስሌቱን እንዳለ አሰፍረዋለሁ። የ5675 ዓመት መባቻ ሰኞ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1914 ዋለ፤ የሚቀጥለው ዓመት መባቻ ደግሞ ሐሙስ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1915። በመካከላቸው ያለው 353 ቀን ነው። በዚህ አቆጣጠር 353 ቀን ያለው ዓመት ጎደሎ ይባላል፤ በእንዲህ ያለው ዓመት ሁለተኛው ወር ሔሽቫንም ሦስተኛው ወር ኪስሌቭም (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ካሴሉ የሚባለው) እያንዳንዳቸው 29 ቀን ይሆናሉ። የመጀመሪያው ወር ቲሽሪ ሁልጊዜ 30 ነው። ስለዚህ ሔሽቫን ኦክቶበር 21፣ ኪስሌቭ ኖቬምበር 19 ይገባሉ። ኖቬምበር 24 ኪስሌቭ 6፣ ኖቬምበር 25 ኪስሌቭ 7 ይሆናል ማለት ነው። በኛ አቆጣጠር 25ኛው ቀን ኅዳር 16 ቀን 1907 ነበር።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። በዕብራይስጥ ቁጥር በፊደል ይጻፋል፤ ስድስት ዋው ነው፣ ሰባት ዛይን። ሁለቱን ፊደላት ጎን ለጎን ነድፌ ተመለከትኳቸው። ሁለቱም አንድ ቀጥ ያለ ግንድና አንድ አጭር ራስ ናቸው። የዋው ራስ ከግንዱ ወደ ግራ ብቻ ይወጣል፤ የዛይን ራስ በግንዱ በሁለቱም ወገን ይወጣል። በኔ ሰሌዳ መጠን ልዩነቱ በቀኝ በኩል ያለች ሦስት ሚሊ ሜትር ነች። በመዝገብና በጋዜት መካከል ያለው የአንድ ቀን ልዩነት በድንጋዬ ላይ ሦስት ሚሊ ሜትር ሆኖ መጣ።

ጋሼን በድጋሚ ደወልኩላቸው። ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ ሌላ ነገር አስታወሱኝ፦ የዕብራውያን ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ኪስሌቭ 7 የገባው በ24ኛው ቀን ምሽት ነው፤ ስለዚህ ሰውየው የሞተው በዚያ ምሽትም ይሁን፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ይሁን፣ በማግስቱ ቀትርም ይሁን፣ በዕብራይስጡ ሁሉም ሰባት ነው። ዋዜማ ቆሞ ለሚያድር ለኛ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ምሽቱ የሚቆጠረው ለነገው በዓል ነው። እኔ ግን ለንደን ውስጥ ብዙ ዓመት ኖሬ ቀንን በእኩለ ሌሊት መቁረጥ ስለለመድኩ አላሰብኩትም ነበር።

የወሰንኩት የመቃብሩን መዝገብ ተከትዬ 25 እና ዛይን ልቀርጽ ነው። ቀኑን ግን ከሁሉ መጨረሻ እቀርጸዋለሁ።

ጥቅምት 5

ዛሬ ንድፉን ከወረቀት ወደ ድንጋዩ ልገለብጥ ነበር፤ ሳልገለብጥ ተመለስኩ። ዕብራይስጡን ኮምፒዩተር ላይ አቀናብሬ ያተምኩት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፍ ጽሑፍ ስለማያውቅ ፊደላቱን ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሯቸዋል። ታው መነሻ መሆን ሲገባት መጨረሻ ላይ፣ ሄ ደግሞ መነሻ ላይ ሆነዋል። እያንዳንዱ ፊደል በራሱ ትክክል ስለሆነ ለማያነብ ሰው ስሕተቱ አይታይም። የያዘልኝ ፎቶውን የላክሁላቸው ጋሼ ናቸው፤ ከላክሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ደወሉ። ከእንግዲህ ዕብራይስጡን በማሽን አላቀናብርም፤ በሰፊ ጫፍ ብዕር እራሴ እጽፈዋለሁ።

በብዕር መጻፉ ሌላም ነገር አስተማረኝ። በላቲን ፊደል የቁሙ መስመር ወፍራም፣ የአግድሙ ቀጭን ነው፤ በዕብራይስጥ የተገላቢጦሽ ነው። ላቲኑ በታችኛው መስመር ላይ ይቆማል፣ ዕብራይስጡ ከላይኛው መስመር ይንጠለጠላል። ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማስማማት የዕብራይስጡን ቁመት ከላቲኑ በጥቂቱ ዝቅ አደረግሁት፤ እኩል ሲሆኑ አግድም መስመሮቹ ተደራርበው ከላይ ያለውን ስም ይጫኑታል።

ጥቅምት 12

የመጀመሪያው ምት። የድንጋዩን ገጽ በውኃ እያራስኩ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ በነጭ እርሳስ ስሙን ገለበጥኩ፣ መብራቱን ከጎን አዘነበልኩ። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ከጭረት የማትበልጥ ስሕተት እንኳ ጥላ ትጥላለች።

አሠራሩ ለማያውቀው ይህን ይመስላል። መሮው በግራ እጅ እንደ ብዕር ዘንበል ተደርጎ ይያዛል፤ በቀኝ እጅ ያለው ክብ ራስ ያለው አጭር መዶሻ ሳያርፍ በቀላሉ ይመታዋል፤ ምቱ ከክንድ ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ በፊደሉ ግንድ መካከል አንድ ቀጭን መስመር ይወጣል፤ ከዚያ ከሁለቱም ወገን ወደዚያ መካከል እየተቀረጸ ይሰፋል፤ በመጨረሻ ሁለት ተዳፋት ታች አንድ ስለታማ ሸለቆ ላይ ይገናኛሉ። ጥላው የሚያነበው ያንን ሸለቆ ነው። ቀለም አያስፈልገውም።

የሚቀለውን ለማስቀደም ቀጥ ባሉት ፊደላት ጀመርኩ። ሦስት ፊደል በሁለት ሰዓት።

ጥቅምት 19

በሰውየው ስም መጨረሻ ላይ ሁለት ኤስ ተከታትለው ይመጣሉ። ከላቲን ፊደላት ለመቅረጽ እንደ ኤስ የሚያስቸግር የለም፤ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም፣ ሸለቆው ከላይ ወደ አንድ ወገን ታጥፎ መካከል ላይ ይዞርና ወደ ሌላው ወገን ይመለሳል፣ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ እኩል መሆናቸውን ዓይን ወዲያው ይመረምራል። መምህሬ የላይኛውን ሆድ ከታችኛው ትንሽ እንዳሳንስ፣ እኩል ከሆኑ ፊደሉ ወደ ፊት የሚወድቅ እንደሚመስል አሳዩኝ። አንደኛውን ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር የመጀመሪያውን ላለማየት በካርቶን ሸፈንኩት፤ እያየሁ ስቀርጽ እጄ ንድፉን ትቶ መኮረጅ ይጀምራል። ካርቶኑን ሳነሣ ወንድማማች መስለው አገኘኋቸው።

ከስሙ በታች ማዕረጉንና ሬጅመንቱን በትንሽ ፊደል ቀረጽኩ። የኒሻኑን ስም ሁለት ፊደል ብቻ አድርጌ ከስሙ ቀጥሎ አኖርኩት፤ እንግሊዞች የሚጽፉትም እንደዚያ ነው። ኒሻኑ ራሱ ቼልሲ ባለው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል።

ጥቅምት 26

ዛሬ ዕብራይስጡ። ታው፣ ኑን፣ ጻዴ፣ ቤት ደህና ወጡ። ሄ ላይ ደረስኩ።

ሄ የምትቀረጸው አንድ ጣሪያ፣ አንድ የቀኝ ግንድ እና ከጣሪያው ሳይነካ የሚንጠለጠል አጭር የግራ እግር ሆና ነው። በግራው እግርና በጣሪያው መካከል ያለው ክፍተት ቢዘጋ ፊደሉ ሄት ይሆናል፤ በኛ አነጋገር ሆይ ወደ ሐውት ትለወጣለች። ክፍተቱ በሰሌዳዬ ላይ ከሁለት ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፣ ስሌት የሚባለው ድንጋይ ደግሞ እየተነባበረ የተፈጠረ ስለሆነ ቀጭን ቦታ ላይ ሳይታሰብ ይፈነቀላል። እንደፈራሁትም የእግሩን ጫፍ ስጨርስ የጥፍር ጫፍ የምታህል ስንጣሪ ወደ ጣሪያው አቅጣጫ ተነሣች፤ ክፍተቱ በግማሽ ጠበበ።

መዶሻውን አስቀምጬ ወጣሁ። ስመለስ መምህሬ በማጉያ መነጽር አይተውት ነበር። መላውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ዝቅ ማድረግ አንዱ መንገድ እንደሆነ፣ ያ ግን የተቀረጹትን ፊደላት ሁሉ እንደሚያሳሳ ነገሩኝ። ሁለተኛውን መንገድ መረጥኩ፦ ስንጣሪዋ ያነሣችውን ቦታ ዙሪያውን ብቻ ቀስ በቀስ በደቃቅ ድንጋይ አለሰለስኩት፤ ጉድጓዷ ጥላ መጣል አቆመች፣ ክፍተቱም ተመለሰ። በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ጎድጓዳነት አለው። ፎቶውን ለጋሼ ስልክ «ሄ ነች፣ አትጠራጠሪ» አሉኝ።

ስንጣሪዋን በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ኅዳር 3

የዕብራይስጡ ዓመት አራት ፊደል ነው፦ ታው 400፣ ሬሽ 200፣ ዓይን 70፣ ሄ 5፤ ድምሩ 675፣ አምስቱ ሺህ ሳይጻፍ ይታወቃል። ሁለተኛዋን ሄ ያለ ችግር ቀረጽኳት፤ የግራ እግሯን አስቀድሜ አሳጥሬ ነበር የነደፍኳት።

የቀኑን ፊደል በዋው ጀመርኩት። ግንዱንና የግራውን ራስ አውጥቼ አቆምኩ። ዋው ሁልጊዜ ወደ ዛይን ሊለወጥ ይችላል፤ ዛይን ግን ወደ ዋው አይመለስም። ለአሥር ደቂቃ ያህል ሰሌዳው ላይ የሰፈረው ቀን ኪስሌቭ 6፣ ማለትም የጋዜቱ ቀን ነበር። መዝገቡን አንድ ጊዜ እንደገና አየሁ፣ ስሌቱን አንድ ጊዜ እንደገና ሠራሁ፣ ከዚያ በቀኝ በኩል ያለችውን ሦስት ሚሊ ሜትር ቀረጽኩ።

ኅዳር 10

የመጨረሻው መስመር።

በጦር መቃብሮች ድንጋይ ግርጌ ለቤተሰብ የሚፈቀደው የግል ጽሑፍ ክፍተቱን ጨምሮ 66 ፊደል ነበር። የድንጋዮቹም መጠን ለሁሉም አንድ ነው፦ ቁመታቸው 81፣ ወርዳቸው 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ጄኔራልም ሆነ ተራ ወታደር፣ ክርስቲያንም ሆነ አይሁዳዊ ወይም ሙስሊም፣ በማዕረግ ወይም በሀብት ብልጫ እንዳይኖረው በ1918 ለኮሚሽኑ የቀረበው የፍሬድሪክ ኬንየን ሪፖርት ወስኗል። ሟቾቹም ወደ ሀገራቸው እንዲመለሱ ስላልተፈቀደ ሀብታም ቤተሰብ ልጁን ወስዶ በራሱ መካነ መቃብር ማሳረፍ አልቻለም። ይህ ውሳኔ በጊዜው ብዙ ወላጆችን አስለቅሷል፤ እኔም እናት ነኝና ልቅሷቸው ይገባኛል። ሆኖም የድንጋዮቹን እኩልነት ሳየው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ።

እኔም ያንኑ 66 ለራሴ ገደብ አድርጌ ተነሣሁ፤ የመጣልኝ ግን ክፍተቱን ጨምሮ 29 ፊደል ብቻ ነው። በአማርኛ «ለአንድ ቁስለኛ ሲል ወጣ» ማለት ነው። ሊያድነው ሲል ሞተ አላልኩም፤ እንዲህ ማለት ስለማይቻል። ጀግና የሚለውንም ቃል አላስገባሁም፤ ከስሙ ቀጥሎ ያሉት ሁለት የኒሻን ፊደላት ያንን ይናገራሉ። የኔ መስመር የሚናገረው ስሙ ስላልተጻፈው ሰው ነው። መምህሬ መስመሩ ከሌላው ጽሑፍ በጣም ርቆ እንደተቀመጠ ነግረውኝ ነበር። ርቀቱን ሆን ብዬ እንዳደረግሁት አስረዳኋቸውና ተዉልኝ።

ሰሌዳው አልቋል። በውኃና በደቃቅ ወረቀት የመጨረሻውን ጊዜ ሳለሰልሰው የነጩ እርሳስ ምልክቶች ሁሉ ታጥበው ሄዱና ፊደላቱ በጥላቸው ብቻ ቀሩ። ከሥራ ቦታዬ ብዙ የማይርቅ አንድ አነስተኛ ምኩራብ ለመተላለፊያው ግድግዳ ሊቀበለኝ ተስማምቷል።

ኅዳር 16

ይህን የምጽፈው ፈረንሳይ ውስጥ፣ ከቤቲዩን ወደ ሊል በሚመለሰው ባቡር ላይ ነው። ዛሬ በሁለቱም አቆጣጠር፣ በኛም በነሱም፣ የመዝገቡ ቀን ነው።

በቤቲዩን ከተማ መካነ መቃብር ውስጥ ያለው የጦር መቃብር ክፍል ወደ 3000 ለሚጠጉ የአንደኛው ጦርነት ሟቾች ማረፊያ ነው። ከተማዋ ከግንባሩ ኋላ የነበረች የሆስፒታል ከተማ ስለሆነች አብዛኞቹ የተለየ መቃብርና ስም አላቸው። ዲ ፓስን ያገኘሁት ረድፎቹን እየቆጠርኩ ሲሆን፣ ድንጋዩ ከጎኑ ካሉት በምንም አይበልጥም። ከሰሌዳዬ ድንጋይ ጥራጊ ያለሰለስኳትን፣ ምንም ያልተጻፈባትን አውራ ጣት የምታህል ጠጠር ከድንጋዩ አናት ላይ አኖርኩ። አይሁዳውያን በአበባ ፋንታ ጠጠር እንደሚያኖሩ ጋሼ ነግረውኝ ነበር። ከሄ ላይ የተነሣችውን ስንጣሪም በወረቀቷ ይዤያት ነበር። ነፋስ እንዳይወስዳት ከጠጠሯ ሥር አደረግኋት። ጋሼ በስልክ ጸሎቱን አነበቡ፤ እኔም ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ወደ ድንጋዩ ዘረጋሁ።

ከዚያ በታክሲ ወደ ፌስቱቤር ሄድኩ። ሜዳው ዝቅ ያለና ረግረጋማ ነው፤ በየማሳው ዳር ውኃ የቆመባቸው ቦዮች አሉ፣ እነዚህ ግን የገበሬ ቦዮች ናቸው። የማይታረስ ከፍታ፣ ሰው የሚከለልበት ጉብታ የለም። በዚህ ሜዳ ላይ በተኩስ መካከል ከምሽግ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከማስታወቂያው ይልቅ እዚያ ቆሜ ስመለከት ገባኝ። ሹፌሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እያመለከተ ኑቭ ሻፔል ያለውን የህንዳውያን መታሰቢያ ላይ ልሂድ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሄድን። በ1927 የተመረቀው፣ ኸርበርት ቤከር ያነፀው ክብ አጥር፣ በፈረንሳይና በቤልጅየም ወድቀው መቃብራቸው ያልታወቀ ከ4700 በላይ የህንድ ጦር ወታደሮችንና የጉልበት ሠራተኞችን ስም ይዟል። ከስሞቹ ፊት ጥቂት ቆምኩ፤ ሰዓት ስለነበረኝ የምችለውን ያህል አነበብኩ።

ማክሰኞ ለአራቱ የነሐስ ካስማዎች የሰሌዳውን ማዕዘን እበሳለሁ። ቀዳዳዎቹ ከጠርዙ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይርቃሉ፣ መሰርሰሪያው ሳይመታ በዝግታና በውኃ ይሠራል።